ወደ ሰሜን ሲነዳ የሚጠፋው ሬዲዮ

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዘንድሮ ስድሳ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። የሚኖሩት ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ የሚነዱት ባለ አሥራ ስምንት ጎማ ነው። ባለፈው ዓመት ያገለገለ ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ገዙ። የ2016 ሞዴል ነው። ሥራቸው በአብዛኛው አንድ መስመር ላይ ነው። ከዴንቨር ተነስተው በኢንተርስቴት 25 ወደ ሰሜን ይወጣሉ። የዋዮሚንግ ከተሞችን ቼየንን፣ ካስፐርን፣ በፋሎን አልፈው በኢንተርስቴት 90 ቢሊንግስ፣ ሞንታና ይገባሉ። ወደ 890 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ አድረው፣ ጭነው ይመለሳሉ።

መኪናዋን በተረከቡ በሳምንቱ ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ መኪና ያልተሟላላት ነገር የለም» አሉኝ። «ሬዲዮዋ ግን ካስፐርን ሳልፍ ዲዳ ትሆናለች።»

«በስልክዎ አይከፍቱም ጋሼ?»

«በየትኛው ኔትወርክ? እዚያ እኮ ነፋስና ሚዳቋ ብቻ ነው ያለው።»

እኔ የመኪና ሬዲዮና ስፒከር በመግጠም ነው የምተዳደረው። ስለዚህ የሳተላይት ሬዲዮ እንግጠምልዎ አልኩ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ መስሎኝ ነበር። አምስት ሳምንት ወሰደ። ለምን እንደወሰደ ልንገራችሁ፤ ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ሥራ ላይ ስላሉ የእኔ ስህተት የአንዳችሁን ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል።

አስቀድሜ ነገሩ ለምን ቁም ነገር እንደሆነ ልናገር። የአሜሪካ ሕግ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ እስከ 11 ሰዓት እንዲነዳ ይፈቅዳል። አሥራ አንድ ሰዓት ብቻውን። ጋሼ ሹፌርነትን የጀመሩት በአሰብ መንገድ ነው፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና፣ በደርግ ጊዜ። ያኔ ጋቢና ውስጥ ረዳት ነበረ፣ ጨዋታ ነበረ፣ ቴፕ ነበረ። ሚሌ ሲያድሩ ሬዲዮናቸውን ወደ አጭር ሞገድ አዙረው ጀርመን ድምፅን ይፈልጉ እንደነበር ደጋግመው ነግረውኛል። አሁን ረዳት የለም። እንቅልፍ ሲመጣ የሚቀሰቅስ ሰው ድምፅ የለም። ለእሳቸው ሬዲዮ ማለት ሰው ማለት ነው።

የሳተላይት ሬዲዮ አሜሪካ ውስጥ ሃያ ዓመት አልፎታል። ኤክስኤም የሚባለው ድርጅት በመስከረም 2001 ጀመረ፣ ሲሪየስ ደግሞ በ2002። በሐምሌ 2008 ተዋሃዱና ሲሪየስ ኤክስኤም ሆኑ። ድምፁ ከጠፈር የሚወርደው ከ2320 እስከ 2345 ሜጋኸርዝ ባለው ሞገድ ነው። በወር ይከፈልበታል። የሚሠራው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው። ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ በገቡ መኪናዎች ላይ ኤክስኤም ወይም ሳት የሚል ቁልፍ አይታችሁ ተጭናችሁ ዝም ካለ፣ አልተበላሸም። ሳተላይቱ ወደዚያ አያበራም።

ከመፍታቴ በፊት የመኪናዋን ሬዲዮ በደንብ አየሁት። ፋብሪካው የገጠመው ነው። ቁልፉን ስጫን ኤኤም፣ ኤፍኤም፣ ደብሊውቢ፣ ዩኤስቢ፣ ብሉቱዝ፣ ኦክስ እያለ ዞረ። ሳት የሚል የለውም። ደብሊውቢ የምትለዋን አትናቋት። የመንግሥት የአየር ሁኔታ ሬዲዮ ናት፣ 162 ሜጋኸርዝ አካባቢ የምትሰማ። ዋዮሚንግ ነፋሱ ባዶ ተሳቢ የሚገለብጥበት አገር ነው። እዚያ ይቺ ቁልፍ ነፍስ ታድናለች።

ሳት ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ፋብሪካ የገጠመውን አውጥቶ ሳተላይት የሚቀበል ሌላ ሬዲዮ መግጠም ነው። ድምፁ ጥሩ ይሆናል። መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ግን ከአዲሱ ጋር እንዲግባቡ ተጨማሪ ዕቃ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው መንገድ ትንሽ መቀበያ ዳሽቦርዱ ላይ አስቀምጦ ድምፁን ወደ ነባሩ ሬዲዮ ማስገባት ነው። ጋሼ ገና ሳልጨርስ አቋረጡኝ።

«ፋብሪካ የሠራውን አትንካብኝ። ጣሪያዋንም አትብሳብኝ።»

በዚሁ ተስማማን። ኦኒክስ ከሚባሉት መቀበያዎች አንዱን ከመትከያው ጋር ገዛን። የመጀመሪያው ጥያቄ ድምፁ እንዴት ወደ መኪናው ሬዲዮ ይግባ የሚለው ነበር።

ጋሼ የፈለጉት ገመድ የሌለበትን ነው። መቀበያው ራሱ እንደ ትንሽ የኤፍኤም ጣቢያ ይሆንና የመኪናው ሬዲዮ ያን ይይዛል። ብዙ ሰው ይህን የሚመርጠው ቀላል ስለሆነ ነው። ከተማ ውስጥ ለሚነዳ ሰው ምናልባት ይበቃል። ለረጅም መንገድ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም ባዶ የነበረው ቁጥር ሌላ ከተማ ስትደርሱ ባለቤት አለው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው 88.1ን ነው። ዴንቨር ላይ 88.1 የኮሎራዶ የሕዝብ ሬዲዮ ክላሲካል ሙዚቃ የሚያሰማበት ነው። በአሜሪካ ከ88 እስከ 92 ያለው ክፍል ለንግድ ላልቆሙ ጣቢያዎች የተተወ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችና መንፈሳዊ ጣቢያዎች ሞልተውበታል። ትልቅ ጣቢያ ሲመጣ ያቺን ትንሽ ድምፅ ይውጣታል። ሞከርነው። ቼየን ሳይደርሱ ዜናው መሃል ላይ የመዝሙር ድምፅ ገባ። ተውነው።

ሁለተኛው የኤፍኤም አማራጭ በገመድ ነው። የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ጀርባ ነቅሎ መሃል ላይ ትንሽ ሳጥን ማስገባት። መቀበያው ሲበራ ሳጥኑ የውጩን አንቴና ይዘጋዋል፣ ስለዚህ የሚጋፋ ጣቢያ የለም። ኦክስ፣ ማለትም ድምፅ በገመድ የሚገባበት ቀዳዳ፣ ለሌለው አሮጌ መኪና የምመክረው ይህንን ነው። እኛ ግን ፊት ለፊት ኦክስ አለን። ሬዲዮውን ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?

በኦክስ አገናኘሁት። መቀበያው ወደ ዜሮ ቁጥር ጣቢያ ሲዞር የራሱን መለያ ያሳያል፣ ስምንት ፊደልና ቁጥር። መለያው ላይ አይ፣ ኦ፣ ኤስ እና ኤፍ የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡም። ኦ የሚመስለው ሁልጊዜ ዜሮ ነው። ይህን ሳያውቁ በስልክ የሚያነቡ ሰዎች ብዙ ደቂቃ ያጠፋሉ። መኪናዋን ሰማይ ወደሚታይበት አውጥተን አስመዘገብን። በጥቂት ደቂቃ ድምፅ መጣ።

ድምፁ ደስ ሲል አንድ ነገር ሰማሁ። ቀጭን ፉጨት። ሞተሩ ሲጮህ አብሮ ይጮሃል፣ ሲረጋ አብሮ ይረጋል። ጋሼ ነዳጅ ረገጥ አደረጉ። ዊይይይ እያለ ወጣ። ለቀቁት። ወረደ።

ይህን ፉጨት ሰምቶ መቀበያውን የሚመልስ ሰው አውቃለሁ። መቀበያው አልተበላሸም። ፉጨቱ ከዲናሞው ነው። መቀበያው ኃይል የሚያገኘው ከሲጋራ መለኮሻው ነው፤ እዚያ በኩል ከመኪናው ኔጌቲቭ ጋር ተያይዟል። በኦክስ ገመዱ በኩል ደግሞ በሬዲዮው አልፎ ከዚያው ኔጌቲቭ ጋር እንደገና ተያይዟል። ሁለት መንገድ ሲኖር ዙር ይፈጠራል፣ የዲናሞው ረብሻም በዚያ ዙር ውስጥ እየተሽከረከረ ወደ ድምፁ ይገባል። ለማረጋገጥ መቀበያውን ከመለኮሻው ነቅዬ ለብቻው ከቆመ የ12 ቮልት ባትሪ ኃይል ሰጠሁት። ፉጨቱ በአንዴ ጠፋ። መፍትሔው አሥራ ሁለት ዶላር የማይሞላ ነገር ነው። አውራ ጣት የምታህል ሲሊንደር ናት፣ በሁለቱም ጫፍ የኦክስ ገመድ ያላት። ውስጧ ሁለት ትናንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ። ድምፁ በማግኔት ይሻገራል፣ ሽቦ ለሽቦ ግን አይነካካም። ዙሩ ተቆረጠ። ጋሼ ነዳጅ ረገጡ፣ ሞተሩ ብቻ ጮኸ።

ቀሪው አንቴናው ነበር። እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት።

ከመቀበያው ጋር የሚመጣው አንቴና የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነው፣ ታቹ ማግኔት። የቤት መኪና ከሆነ ጣሪያው ላይ ጣል ታደርጉታላችሁ፣ በቃ። መሰላል ላይ ወጥቼ ጋቢናው ላይ አስቀመጥኩት። ተንሸራቶ እጄ ላይ ወደቀ። የካስኬዲያ ጋቢና አልሙኒየም ነው፤ ማግኔት አይይዘውም። ጋሼ ከታች ሆነው ያያሉ። ጣሪያዋን አትብሳብኝ ብለዋል። እኔም ከመሰላሉ ወርጄ አንቴናውን ዳሽቦርዱ ላይ፣ ከመስታወቱ ሥር፣ በማጣበቂያ ለጠፍኩት። መስታወት ይህን ሞገድ ያሳልፋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ከዚያ ፈተሽን። ሀቫና ጎዳና ላይ ወጣን፣ ዞርን፣ ወደ ኤርፖርቱ አቅጣጫ ሄድን፣ ተመለስን። አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። አስረከብኳቸው።

በማግስቱ ሌሊት ስልኬ ጮኸ።

«ዴንቨርን ከለቀቅሁ አንድ ሰዓት አልሞላኝም፣ ጠፋ።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ። ሲግናል የለም ይላል።»

ገመዱ ላልቶ ይሆናል ብዬ እንዲያጠብቁት ነገርኳቸው። ቢሊንግስ እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። «ስመለስ ከሞንታና ጀምሮ እንደ ጉድ ሲያወራ መጣ። አንዴ እንኳን አልተቆረጠም።» በሚቀጥለው ሳምንትም እንደዚያው። ሲሄዱ ዝም፣ ሲመለሱ ያወራል። አንቴናውን ቀየርኩ። ለውጥ የለም። መቀበያውን ከሌላ ሰው ተውሼ ሞከርኩ። ለውጥ የለም። ግቢዬ ውስጥ በቆመች ቁጥር እንከን የለባትም። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ለካ እየሄዱ ሳሉ ሬዲዮውን ዘግተው ለራሳቸው ያንጎራጉሩ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ በጣም አዘንኩ።

በአራተኛው ጉዞ ካስፐር ሲያርፉ እንዲደውሉልኝ ለመንኳቸው። መቀበያው ውስጥ የሲግናል ገጽ አለ። ሁለት ረድፍ ዘንግ ያሳያል፦ አንዱ ከሳተላይት የሚመጣው፣ ሌላው ከምድር የሚመጣው። እስከዚያ ቀን ያን ገጽ አልከፈትኩትም ነበር። ድምፅ ካለ ሁሉ ነገር አለ ብዬ ነው።

«ሳተላይት የሚለው ስንት ዘንግ አለው ጋሼ?»

«ባዶ ነው።»

«ከምድር የሚለውስ?»

«እሱም ባዶ።»

«የመኪናዋ አፍንጫ ወዴት ነው ያለው?»

«ወደ መንገዴ ነዋ። ወደ ሰሜን።»

«እስቲ አዙረው ያቁሟት።»

ባዶ ቦታ ነበረ፣ አዞሩ። ስልኩን ሳይዘጉት ስለነበር የሬዲዮው ድምፅ እኔ ጆሮ ውስጥ ገባ። ሰው ስለ ናፍጣ ዋጋ ያወራል። «ሞላ!» አሉ ጋሼ። «ሳተላይቱ ሞላ!»

ስልኩን ዘግቼ ግቢዬ ውስጥ የነበረውን የደንበኛ መቀበያ ከፈትኩና ያንኑ ገጽ አየሁት። አንቴናውን ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ሥር አደረግሁት። ከምድር የሚለው ዘንግ ሙሉ ነው። ሳተላይት የሚለው ባዶ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ይሰማል።

ነገሩ ይህ ነው። በትልልቅ ከተሞች ፎቆች ሰማዩን ስለሚሸፍኑ ድርጅቱ ያንኑ ፕሮግራም ከምድር ማማዎች ላይ ደግሞ ይለቅቀዋል። እኔ ኦሮራ ውስጥ ስፈትሽ የሰማሁት የማማውን ድምፅ ነበር። ሳተላይቱን አንድ ቀን እንኳን አልፈተሽኩም። ጋሼ ከከተማው ሲወጡ ማማው ቀረ፣ ሳተላይት ብቻ ተረፋቸው። ሳተላይቱ ደግሞ ከጀርባቸው ነው።

አገር ቤት ዲሽ ያዞረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። ናይልሳትን የሚፈልግ ዲሹን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ ወደ ኢትዮሳት የተሻገረ ደግሞ ወደ ምሥራቅ መለሰው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?» «አልመጣም!» ያልተባባለ ማን አለ? ሰማይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሳተላይቱ አንድ ቦታ ቆሟል። የኤክስኤም ሳተላይቶች የቆሙት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ነው፣ አንዱ በ85 ዲግሪ ሌላው በ115 ዲግሪ ምዕራብ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ2001 ሲመጥቁ ሮክ እና ሮል ተብለው ነበር፤ ዛሬ ቦታውን የያዙት ሌሎች ናቸው። የምድር ወገብ ለዋዮሚንግ ደቡብ ነው። ካስፐር ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚያይ ሰው ሳተላይቶቹን ከአድማስ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብለው ያገኛቸዋል። ከአድማስ እስከ አናት ያለውን ለሁለት ብትከፍሉት ከግማሹ ትንሽ ዝቅ ይላል ማለት ነው። አናት ላይ አይደሉም።

አሁን መኪናዋን ወደ ሰሜን አዙሯት። አንቴናው ዳሽቦርዱ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ሲያይ የሚያገኘው ምንድን ነው? የሹፌሩን ወንበር፣ ጣሪያውን፣ መኝታውን፣ ከዚያ በስተኋላ 4 ሜትር ከፍታ ያለው ተሳቢ። ሰማይ የለም። ወደ ደቡብ ስትዞር ግን የፊት መስታወቱ ልክ ሳተላይቶቹ ላይ ይከፈታል። ለዚህ ነው ሲመለሱ እንደ ጉድ የሚያወራው። ኢንተርስቴት 25 ደግሞ ከኒው ሜክሲኮ ተነስቶ በፋሎ እስኪያልቅ ድረስ ደቡብና ሰሜን የሚሄድ መንገድ ነው። የጋሼ ሥራ በኢንተርስቴት 80 ምሥራቅና ምዕራብ ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይቆራረጥ ነበር እንጂ እንዲህ ጥርት ብሎ አይታይም ነበር።

ስለዚህ አንቴናው ከጋቢናው ውጭ መውጣት አለበት፣ ጣሪያም መበሳት የለበትም። ለከባድ መኪና ተብሎ የሚሠራ አንቴና አለ፣ በስፖኪዮው ክንድ ላይ በብሎን የሚታሰር። አርባ ዶላር አካባቢ ገዛሁት። በየትኛው ስፖኪዮ ይሁን? ወረቀት ላይ ሳልኩት። ወደ ሰሜን ሲነዱ በ115 ዲግሪ ያለው ሳተላይት ከጀርባቸው ትንሽ ብቻ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። በ85 ዲግሪ ያለው ደግሞ ወደ ቀኝ፣ ሰፋ ብሎ፣ 30 ዲግሪ ያህል ይርቃል። በቀኝ ያለው ከተሳቢው ጎን በደንብ ይወጣል። ሌላም ምክንያት አለ። የሹፌሩ በር በቀን ሃያ ጊዜ ይከፈታል። የቀኙ በር ግን ረዳት ከሌለ ማን ይከፍተዋል? የገመዱ ዕድሜ እዚያ ይረዝማል። ቀኝ ሆነ።

ገመዱን ሳስገባ ሁለተኛ ስህተት ሠራሁ። በሩ በሚቆለፍበት በኩል አሳለፍኩትና ዘጋሁት። መቀበያው ወዲያው አንቴናህን እይ የሚል ጽሑፍ አወጣ። ከፍቼ ሳየው ገመዱ እንደ ተረገጠ ፓስታ ተጨፍልቋል። ይህ ገመድ እንደ ተራ ሽቦ ተጠምዝዞ አይቀጠልም። መሃሉ ላይ ያለው ቀጭን ሽቦና ዙሪያውን የከበበው መረብ ርቀታቸውን ካልጠበቁ ሞገዱ ይጠፋል። ሌላ አርባ ዶላር፣ ከኪሴ። ሁለተኛውን በማጠፊያው በኩል አስገባሁት፣ በሩ ሲከፈት የሚፈታተተው ትርፍ ትቼለት። ከበሩ ውጭ ደግሞ ገመዱ ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ እንዲወጣ አደረግሁ፣ የዝናብ ውኃ ታች ላይ እንዲንጠባጠብና ወደ ውስጥ እንዳይከተለው። ዳር ዳሩን በላስቲክ ቴፕ ጠቀለልኩት፤ ቀሪውን በፕላስቲክ ማሰሪያ ያዝኩት።

መቀበያውን ከመስታወቱ አነሳሁትና ከሬዲዮው ጎን ዝቅ አድርጌ ተከልኩት። የፌዴራሉ ደንብ ሹፌሩ የሚያይበትን፣ መጥረጊያው የሚያብሰውን የመስታወት ክፍል በዕቃ መሸፈን አይፈቅድም። ጣቢያዎቹንም እያንዳንዳቸው በአንድ ቁልፍ እንዲመጡ መዘገብኩላቸው። እየነዱ ዝርዝር ውስጥ ሲፈልጉ ማየት አልፈልግም።

በዚህ ጊዜ ድምፁን አላመንኩም። አብሬያቸው ተሳፈርኩ። የሲግናል ገጹን ከፍቼ ጭኔ ላይ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ዴንቨር ውስጥ ሁለቱም ረድፍ ሙሉ። ወደ ሰሜን ስንገፋ ከምድር የሚለው ዘንግ አንድ በአንድ ወረደ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ። ሳተላይት የሚለው ሳይወርድ ቆመ። ኮሎራዶን ለቀን ዋዮሚንግ ስንገባ ቆሟል። ቼየን ላይ ቆሟል። ጋሼ አንዴ መንገዱን አንዴ እኔን ያያሉ። ድልድይ ሥር ስናልፍ ይቆረጣል ብለው ጠበቁ። አልተቆረጠም። የአንዱ ሳተላይት ድምፅ ከሌላው አራት ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው የሚወርደው፤ መቀበያው የጎደለውን ከዘገየው ይሞላዋል። ነዳጅ ማደያው ጣሪያ ሥር ስንቆም ግን ዝም አለ። አራት ሰከንድ እዚያ አይበቃም፣ ናፍጣ ሲሞላ ሩብ ሰዓት ነው። ከጣሪያው ስንወጣ ተመለሰ።

መንገድ ላይ ጋሼ ጠየቁኝ።

«ይህን ነገር ማን አሰበው?»

ኖህ ሳማራ የሚባል ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው እንዳለ ነገርኳቸው። በ1990 ወርልድስፔስ የሚባል ድርጅት አቋቁሞ ለአፍሪካ ከሳተላይት ሬዲዮ ልልቀቅ አለ። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይቱ በጥቅምት 1998 መጠቀች። ከኤክስኤም በፊት ማለት ነው። ኤክስኤም ራሱ ገና ሥራ ሳይጀምር ወርልድስፔስ ባለድርሻ ነበር። የእሱ ድርጅት በ2008 ኪሳራ ውስጥ ገባ፤ አሜሪካ ውስጥ የተተከለው ግን ይኸው እየሰማነው ነው።

ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ሬዲዮውን ትንሽ ከፍ አደረጉት።

«አገሬ ላይ ቢሰማ ኖሮ» አሉ ቆይተው። «ለአሰብ መንገድ ይሆን ነበር።»

ካስፐር ስንደርስ ባዶው ሜዳ ላይ መኪናዋን በአራቱም አቅጣጫ አቆምናት። ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ። በአራቱም ሳተላይት አለ። በሰሜን ከሌሎቹ ሁለት ዘንግ ይጎድላል፣ አንዱ ሳተላይት በከፊል ስለሚጋረድ። ድምፁ ግን ያው ነው። ወረቀቱን ዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ትቼላቸው ወረድኩ።

አሁን ሰባት ወር ሆነው። ጋሼ በሦስት ቁልፍ ነው የሚኖሩት፦ ለሹፌሮች የሚተላለፈው 146 ቁጥር፣ የቢቢሲ ዜና፣ አንድ የጃዝ ጣቢያ። አማርኛ የሚናገር ጣቢያ የለውም። ለዚያ ከመነሳታቸው በፊት ቤት ሆነው ስልካቸው ላይ ያወርዳሉ፣ ብሉቱዝ የሚለውን ይጫናሉ። በጥር አንድ ሌሊት በፋሎ አካባቢ ተቋርጦባቸው ደወሉ። ቀኝ ስፖኪዮውን እንዲያዩት ነገርኳቸው። በበረዶው ላይ ሲረማመዱ ይሰማኛል፣ ጓንታቸው አንድ ነገር ሲፍቅ ይሰማኛል። እንደ እንቁላል የጠነከረ በረዶ አንቴናውን ውጦት ነበር። ተመልሰው በሩን ሲከፍቱ ሰውየው እያወራ ነበር።